መጥኖ መደቆሱ በየካቲት፣ ማልቀሱ በሰኔ

ሰኔ ሲገባ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ሩጫ ይታያል። አንደኛው የገዢ ሩጫ ነው። «በጀቱ ሳይቃጠል» ተብሎ ወንበር ይገዛል፣ መጋረጃ ይቀየራል፣ ማንም ያልጠየቀው ሥልጠና ይዘጋጃል። ሁለተኛው የተቸጋሪ ሩጫ ነው። ለነዳጅ ከሌላ ክፍል ይለመናል፣ ውሎ አበሉ ያልተከፈለው ባለሙያ ይባበላል፣ ጎማው ያለቀ መኪና ግቢ ውስጥ ይቆማል። የሚገርመው ሁለቱ ሩጫዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ኃላፊ ፊርማ ስር መታየታቸው ነው። እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ገንዘብ አልቋልም፣ ተርፏልም።

የአገራችን ሰው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል። የበጀት ነገርም እንደዚሁ ነው። ለቅሶው የሚሰማው በሰኔ ቢሆንም መጠኑ የተበላሸው ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት፣ የቀጣዩ ዓመት ጥያቄ ሲጻፍ ነው። በእነዚያ ወራት ሥራውን የሚያውቀው ሰው ከቦታው አይገኝም። «ይህ የፋይናንስ ጉዳይ ነው» ብሎ ለሒሳብ ሠራተኛው ትቶት ሄዷል።

ክርክሬ ይኸው ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር የምንሰማው «በጀት የለም» የሚል መልስ ሁሉ ከገንዘብ እጥረት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከፊሉ የሚመጣው ኃላፊዎቻችን በጀትን የሌላ ሰው ሥራ አድርገው በመቁጠራቸው ነው።

እነዚህ ኃላፊዎች እነማን ናቸው? መምህር ሆኖ ቆይቶ ርዕሰ መምህር የተደረገ፣ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሆኖ የጤና ጣቢያ ኃላፊነት የተሰጠው፣ በሰብል ልማት ተመርቆ የግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲመራ የተሾመ ሰው ናቸው። በሙያቸው አንቱ የተባሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም ሹመቱ ሲመጣ ከደብዳቤው ጋር ማኅተምና የፊርማ ሥልጣን እንጂ የበጀት ትምህርት አብሮ አይመጣም። በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ የክፍያ ማዘዣ ይቀመጥለታል። አንብቦ ሳይሆን አምኖ ይፈርማል።

ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ ከላይ ጀምረን እንየው። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር የአገሪቱን ገቢና ወጪ ገምቶ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥሪና ጣሪያ ይልካል። መሥሪያ ቤቶቹ ጥያቄያቸውን ያቀርባሉ፣ በበጀት ስሚ ላይ ይከራከራሉ። ረቂቁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ የጸደቀው በዚህ መንገድ ነው። ከዚህ ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተመደበው 315 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። ይህ ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባወጣው ቀመር ለክልሎች ይከፋፈላል።

ክልሉ ድጎማውን ከራሱ ገቢ ጋር ደምሮ ለቢሮዎቹ፣ ለከተሞችና ለወረዳዎች ይደለድላል። ወረዳው የራሱን ገቢ ይጨምርና ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውኃና ለሌሎቹ ያካፍላል። የወረዳው ምክር ቤትም ያጸድቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰሜን ሸዋ ዞን እንደ ወረዳ በጀት የሚያጸድቅ የራሱ ምክር ቤት የለውም። በእኛ አካባቢ የአብዛኛው ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ዕጣ የሚወሰነው በወረዳው ወይም በከተማው ደረጃ ነው። ሩቅ አይደለም ማለት ነው። ለአንኮበር ወረዳ ኃላፊ ውሳኔው ያለው ጎረቤላ ላይ፣ በእግር በሚደረስበት ቢሮ ውስጥ ነው።

ይህ አሠራር የመጣው ከ1994 በኋላ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ሲጀመር ነው። አማራ ክልል ከጀመሩት አራት ክልሎች አንዱ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩን በቅርብ የሚያየው ሰው ገንዘቡን ይመድብ የሚል ነው። ይሁን እንጂ ለየጽሕፈት ቤቱ የሒሳብ ባለሙያ ማግኘት ስላልተቻለ የበርካታ ጽሕፈት ቤቶች ሒሳብና ግዥ በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ስር ተጠቃሎ እንዲሠራ ተደረገ። ይህን ነው «ፑል» የምንለው። ፑል የሰው ኃይል ቆጥቧል፣ ሒሳቡንም ሥርዓት አስይዟል። ከዚያው ጋር ግን አንድ ልማድ ተክሏል። ገንዘቡ፣ መዝገቡና ባለሙያው ሌላ ግቢ ስላሉ የጤናው ኃላፊ ስለ ጤናው ገንዘብ የሚያውቀው «አለ» ወይም «አልቋል» የሚለውን ብቻ ሆነ።

ልማዱ ሥሩ ከዚህም የራቀ ይመስለኛል። በአንኮበር ቤተ መንግሥት ዘመን የመንግሥት ሀብት ጠባቂው በጅሮንድ ይባል ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ሚኒስትሮችን ሲሾሙም የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት በጅሮንድ ሙሉጌታ ነበሩ። ግምጃ ቤት ቁልፍ አለው፣ ቁልፉም በአንድ ታማኝ ሰው እጅ ነው የሚለው አስተሳሰብ ዛሬም ከእኛ ጋር አለ። የዛሬው በጀት ግን ግምጃ ቤት አይደለም። በጀት ማለት በዚህ ዓመት ምን እንሠራለን፣ ምንስ እንተዋለን የሚል ውሳኔ በብር ሲጻፍ ነው። ውሳኔውን ደግሞ ሥራውን የማያውቅ ሰው ሊወስነው አይገባም።

በምሳሌ ላሳይ። ይህ ለማስረዳት የተሠራ ስሌት እንጂ የአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ አይደለም።

አንድ አምቡላንስ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ወደሚገኝ ሆስፒታል ሕሙማንንና ወላዶችን ያመላልሳል እንበል። ደርሶ መልሱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በአንድ ሊትር 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለአንድ ጉዞ 10 ሊትር ይፈልጋል። በወር 20 ጉዞ ካለ 200 ሊትር ነው። ለስሌት እንዲመች ሊትሩን በ130 ብር ብንይዘው በወር 26,000 ብር፣ በዓመት 312,000 ብር ይሆናል።

አሁን በተለመደው መንገድ እንሂድ። የሒሳብ ሠራተኛው የአምናውን መዝገብ ያያል። የነዳጅ በጀቱ 180,000 ብር ነበር። 10 በመቶ ጨምሮ 198,000 ብር ይጽፋል። ኃላፊው ይፈርማል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም። ሆኖም 198,000 ለ26,000 ሲካፈል ሰባት ወር ተኩል ገደማ ነው። ከሐምሌ ተነስታችሁ ቁጠሩ፤ የካቲት ሳይወጣ ነዳጁ ያልቃል። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ምጥ የሚይዛት እናት በጀት አልተያዘላትም። ቤተሰቧ መኪና ሲጠይቅ «በጀት አልቋል» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን በጀቱ ያለቀው አምና፣ ያ ወረቀት ሲፈረም ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው አምቡላንሱ በወር ስንት ጊዜ እንደሚወጣ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። ያንን የሚያውቀው ኃላፊው ነው። ሾፌሩ የሚሞላው የጉዞ መዝገብ ከኃላፊው ቢሮ አይርቅም። 20 ጉዞ የሚለው ቁጥር ከእሱ ካልመጣ ከየትም አይመጣም።

ስለዚህ የሒሳብ ዲግሪ የሌለው ኃላፊ በጀትን ለመምራት ምን ማወቅ አለበት? ዴቢትና ክሬዲት አይደለም። በእኔ ግምት አምስት ጥያቄዎችን መመለስ ይበቃዋል።

አንደኛ፣ ሥራዬ በብር ስንት ነው? «ነዳጅ አንሶናል» ጥያቄ አይደለም፣ እሮሮ ነው። «በወር 20 ጉዞ፣ በጉዞ 10 ሊትር» የሚለው ነው ጥያቄ። በበጀት ስሚ ላይ «አምና ስላነሰን» የሚል ኃላፊ ይቆረጥበታል። «ይህ ከተቆረጠ ከየካቲት በኋላ ወላዶችን በምን እንደምናመጣ አብረን እንወስን» የሚል ኃላፊ ላይ ግን መቁረጥ ይከብዳል። ቢቆረጥበት እንኳ ቆራጩ ምን እንደቆረጠ አውቆ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የሚያስፈልገኝ በየትኛው ወር ነው? በጀት የዓመት ቢሆንም ሥራ የወቅት ነው። የመማሪያ ክፍል ጣሪያ የሚጠገነው በበጋ ነው። ለበጋ ጥገና የግዥ ጥያቄው በመስከረም መነሳት አለበት፤ ማስታወቂያው፣ ውድድሩ፣ ውሉ ወራት ይፈጃሉና። ጥያቄውን በመጋቢት ያነሳ ርዕሰ መምህር ውሉን በሰኔ ዝናብ ይፈርማል፤ ወይም ገንዘቡ ተመላሽ ይሆንበታል። «በጀት ተርፏል» ተብሎ ሪፖርት የሚደረገው ብር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዘግይቶ የተጠየቀ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ በየትኛው መደብ ተቀምጧል? የመንግሥት የወጪ ኮዶች ለጀማሪ ያስፈራሉ እንጂ ዋናዎቹ አራት ብቻ ናቸው። በ6100 ስር የሰው ኃይል ወጪ፣ በ6200 ስር ዕቃና አገልግሎት፣ በ6300 ስር ቋሚ ንብረትና ግንባታ፣ በ6400 ስር ሌሎች ክፍያዎች። ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ የቢሮ ዕቃ፣ የመኪና ጥገና ሁሉም በ6200 ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በአንዱ የተረፈው ለሌላው እንዲውል የበጀት ዝውውር ይጠየቃል። ዝውውር ሕግ አለው፣ ጊዜም አለው። ከካፒታል በጀት ወደ መደበኛ ማዛወር አይፈቀድም። በዚያው በ6200 ውስጥ ከሚተርፈው ወደሚያንሰው ማዛወር ግን በጊዜው በደብዳቤ ከተጠየቀ የሚቻል ነገር ነው። በጥር የተጠየቀ ዝውውር አምቡላንስ ያንቀሳቅሳል። በሰኔ የተጠየቀው መጋረጃ ይገዛል።

አራተኛ፣ እስከ ዛሬ ምን ወጣ፣ ምን ላይ ተፈራረምን፣ ምን ቀረ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የወጪ ሪፖርቱ 100,000 ብር ቀሪ አለ ሲል 70,000 ብሩ ቀድሞ በተፈረመ ውል የተያዘ ሊሆን ይችላል። ነጻው ቀሪ 30,000 ብር ነው። በተቃራኒው ደግሞ ለሠራተኞች በቅድሚያ ተሰጥቶ ያልተወራረደ ገንዘብ ሊኖር ይችላል። እሱ ካልተወራረደ ሥራው ተሠራ ወይስ አልተሠራም የሚለው በመዝገብ አይታወቅም። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በየወሩ በአንድ ገጽ የሚጠይቅ ኃላፊ በሰኔ አይደነግጥም።

አምስተኛ፣ ቢቀነስ ምን ይቅር? ጣሪያ ሲወርድ ሁሉንም በእኩል መቶኛ መቀነስ ፍትሐዊ ይመስላል። አይደለም። የሥልጠና ሻይ ቡናና የአምቡላንስ ነዳጅ በእኩል 15 በመቶ ሲቀነሱ ውሳኔ አልተሰጠም፣ ውሳኔ ተሸሽቷል። የትኛው ይቅደም የሚለውን ኃላፊው ካልወሰነ ማካፈያ ማሽኑ ይወስንለታል።

ይህን ሳነሳ የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ወንድሜ፣ ጣሪያው ከላይ ነው የሚመጣው። ደሞዝ አብዛኛውን ይወስዳል። የቀረችውን ትንሽ ብር መቁጠር ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። መልሱ ውስጥ እውነት አለ። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደሞዝ ነው። መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደሞዝ ሲያስተካክል የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ለሠራተኛው የሚገባው ነው፣ እንዲያውም የኑሮ ውድነቱ ይቀድመዋል። ነገር ግን ደሞዝ ሲጨምር ነዳጅና መድኃኒት በዚያው ልክ እንዲጨምር የሚያስገድድ ነገር የለም። ሠራተኛው ወንበሩ ላይ አለ፤ የሚሠራበት ግን የለውም።

ሌላም እውነት አለ። በጀት ከጸደቀ በኋላ ዓለም ትቀየራለች። የ2017 በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ በጸደቀ ማግሥት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ፌዴራል መንግሥቱ ዓመቱ ሳይጋመስ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። የወረዳ ጤና ጣቢያ ግን እንዲህ በቀላሉ ተጨማሪ በጀት አያገኝም። በዚህ ላይ ክልላችን ያለበት ግጭት አለ፤ መንገድ ሲዘጋ የገዛኸው አይደርስም፣ ያቀድከው አይሠራም። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከወለጋና ከሌላም አካባቢ የተፈናቀሉ ወገኖቻችንን ለዓመታት አስጠግታለች። በአምናው የተማሪ ቁጥር የታቀደ ትምህርት ቤት ዘንድሮ የመጡትን ልጆች «ቆዩ» ሊላቸው አይችልም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ክርክሬን የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። የቀረችው ብር ትንሽ ከሆነች እያንዳንዷ ብር የት እንደምትሄድ የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። መቶ ኩንታል ያለው ሰው ስፍር ባይጠነቀቅ ይከርማል። አንድ ቁና የቀረችው ግን ሳትሰፍር አታድርም። የተፈናቀሉ ልጆችን ቁጥር፣ የዋጋውን ለውጥ፣ የተዘጋውን መንገድ በደብዳቤና በቁጥር አስደግፎ በጥር ያሳወቀ ኃላፊ ተጨማሪ ባያገኝ እንኳ ለሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ ማስረጃ አስቀምጧል። ዝም ያለው ግን ለወረዳውም ለክልሉም «አምና በቃው» የሚል መዝገብ ትቶ ሄዷል።

ደግሞም ኃላፊው እጁ ላይ ያለ፣ ከላይ የማይመጣ ገንዘብም አለ። በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሚሰበስቡትን ገቢ በቦርዳቸው ወስነው ለመድኃኒትና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲጠቀሙበት ተፈቅዷል። ይህ ገንዘብ እንዴት እንደሚታቀድ የማያውቅ ኃላፊ ባለበት ጤና ጣቢያ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ በባንክ ሒሳቡ ብር ሊተኛ ይችላል።

የሕዝቡም ድርሻ አለ። ከ1997 ምርጫ በኋላ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን ሲያቆሙ በ1998 የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ተጀመረ። አብሮትም ወረዳዎች በጀታቸውን ተራ ሰው በሚገባው መልክ እንዲለጥፉ የሚያደርግ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት ሥራ መጣ። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል የሚል ሰሌዳ በየወረዳው ግቢ ተተከለ። ሰሌዳ ግን መልስ የሚሰጠው ለሚጠይቅ ነው። ራሱ ኃላፊው የማያነበውን ቁጥር አላፊ አግዳሚው ያንብበው ማለት ቀልድ ነው። የጤና ጣቢያ ቦርድ አባላት፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቶች፣ የወረዳ ምክር ቤት ተመራጮች ከላይ ያሉትን አምስት ጥያቄዎች ለኃላፊው ቢያነሱለት ሁለቱም አብረው ይማራሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ውድ ነገር አልጠይቅም። የወረዳና የከተማ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች የበጀት ጥሪውን ከመላካቸው በፊት ለኃላፊዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ይስጡ። የሰኔ ሥልጠና ሳይሆን የጥር ሥልጠና። ፑሉ ለእያንዳንዱ ኃላፊ በየወሩ የወጣውን፣ በውል የተያዘውንና ነጻ የቀረውን የሚያሳይ አንድ ገጽ ይስጥ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል አለው፤ ለአካባቢው ርዕሰ መምህራንና የጤና ኃላፊዎች በሚገባ አማርኛ የተጻፈ አጭር መመሪያ ማዘጋጀት አያቅተውም። ሿሚዎችም ሹመት ሲሰጡ «በጀት ታነባለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ኃላፊዎች ሆይ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ከሁሉ ይቀላል። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ያልገባችሁን ኮድ መጠየቅ አያሳፍርም። የሒሳብ ሠራተኛው ብሩ በትክክል መመዝገቡን ያረጋግጥላችኋል እንጂ ብሩ ለትክክለኛው ሥራ መዋሉን ሊያረጋግጥላችሁ አይችልም። ያ የእናንተ ሥራ ነው። በየካቲት አንድ ቀን፣ የሾፌሩን የጉዞ መዝገብና የተማሪዎቹን ቁጥር ይዛችሁ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። የሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ አምቡላንሱ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱ የሚወሰነው በዚያ ቀን ነው።